መርዶ ያልደረሰው ንድፍ

ከፐርዝ ከተማ ርቆ በሚገኘው የአገሬው ነባር ሕዝብ ሰፈር፣ በጋልቪን ክሪክ፣ ሰው ሲሞት ስሙም አብሮት ያርፋል። ፎቶግራፉ ከግድግዳ ይወርዳል፣ ድምፁ ከሬዲዮ ይጠፋል፣ ሞክሼዎቹም ሐዘኑ እስኪወጣ ድረስ የራሳቸውን ስም አስቀምጠው «ስም የለሽ» እየተባሉ ይኖራሉ። ስሙ ከተጠራ መንፈሱ የጀመረውን መንገድ ትቶ ወደ ኋላ ይዞራል፤ የቤተሰቡም ቁስል ገና ሳይደርቅ ይከፈታል። ስለዚህ የሎሬታን ወንድም እኛም እዚህ በስሙ አንጠራውም።

የሞተው ዝናቡ ገና ሲጀምር ነው። ጀልባውን ወንዝ ዳር አስሮ ወደ መኪናው ሲመለስ ልቡ ቀጥ አለች። ጠዋት ጠዋት በሰፈሩ ሬዲዮ እየሳቀ ሰዉን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው እሱ ነበር። ለሎሬታ የአክስቷ ልጅ ነው፤ ግን በእኛ ዘንድ የእናት እህት እናት ናት፣ ልጇም ወንድም ነው። ሌላ ወንድም አልነበራትም።

ሰፈሩ የሚያደርገውን ያውቃል። የእግር ኳስ ቡድኑ የማሊያውን ቁጥር ማንም እንዳይለብሰው አነሣ። ክሊኒኩ ካርዱን ከመደርደሪያው አውጥቶ አሸገ። የነዳጅ ማደያው መካኒክ ሞክሼው ስለነበር፣ በቱታው ደረት ላይ የተጠለፈውን ስሙን በጥቁር ፕላስተር ሸፈነው።

«ስም የለሽ፣ እስቲ ይህቺን ጎማ እያት» አሉት አጎቴ ክላሪ አንድ ቀን። የሬዲዮ ጣቢያው ኃላፊ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አጎቴ ነው የሚላቸው።

«ምኗን ልያት? እንደ እርስዎ አናት ተመልጣለች እኮ።»

«ስምህን ቀምተንህ እንኳ አፍህ አይዘጋም!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ለምን «ስም የለሽ» እንደተባለ ትዝ አላቸውና ወደ ጎማዋ ጎንበስ አሉ። እንዲህ ነበር የከረመው። በሰፈሩ መርዶው ያልደረሰው ሰው፣ ያልደረሰው ቤት አልነበረም። ያልደረሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ሎሬታ የምትሠራበት ንድፍ ነው።

ሎሬታ በፐርዝ ከተማ ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች፣ ዝምታ የምታበዛ ልጅ ናት። በሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ የሰፈሩን ድረ ገጽ ታስተዳድራለች። በዚህ ድረ ገጽ ላይ የአዛውንቱ ዘፈኖች፣ የድሮ ፎቶግራፎች፣ የቦታዎች ስምና ታሪክ ተቀምጠዋል። የሚቀመጡበት ሰርቨር ግን በሰፈሩ ውስጥ የለም፤ ክላውድ የሚሉት፣ በሩቅ ከተማ በኪራይ የሚገኝ የማሽን ጉልበት ነው። ቀድሞ ሁሉም ነገር በእጅ ይሠራ ነበር። አንዱ አንዱን ይነካካል፣ ሌላው ሌላውን ይቀይራል፤ ማን ምን እንዳደረገ የሚያውቅ የለም። አንድ ጊዜ ድረ ገጹ ወደቀና ወራት ሙሉ ሳይነሣ ቀረ። አዛውንቱ ዘፈኖቻችን ጠፉ ብለው አዘኑ።

ከዚያ በኋላ ነው ፐርዝ የሚኖረው ባለሙያ ጋሬዝ ንድፉን የጻፈው። ንድፉ በጽሑፍ የተቀመጠ ትእዛዝ ነው። ሰርቨሩ ይህን ያህል ይሁን፣ ማከማቻው እዚህ ይቀመጥ፣ የመግቢያው ገጽ ይህን ፎቶና ይህን ድምፅ ይያዝ ይላል። ሁሉም ነገር ቢፈርስ እንኳ ንድፉን አንድ ጊዜ ማዘዝ ይበቃል፤ ማንም እጁን ሳያስገባ ሁሉም ከባዶ ይቆማል።

«እንደነበረ ነው የሚመልሰው» ብሎ ነበር ጋሬዝ፣ ለአዛውንቱ ሊያስረዳ በመጣ ጊዜ። «ቢፈርስ፣ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል፣ እንደነበረ።»

በዚያ ስብሰባ ላይ እማ ኖሪን ፊት ተቀምጠው ነበር። የሎሬታ እናት ታናሽ እህት፣ የሟቹ እናት ናቸው። የአባታቸውን ዘፈኖች ለማንም ሰጥተው የማያውቁ ሴት፣ ልጃቸው «ስጪ እማ፣ እኔ እዚያው ነኝ፣ እጠብቅልሻለሁ» ስላላቸው ብቻ ሰጡ። የመግቢያው ገጽ ፎቶ የዚያው ልጅ ሆነ። ድምፁም። ገጹ ሲከፈት ይስቅና «እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ። ቁጭ በሉ፣ ቤታችሁ ነው» ይላል።

እሱ በሞተ ሰሞን ሎሬታ ለቅሶ ቤቱ ግቢ ከማንጎው ዛፍ ሥር ከእማ ኖሪን ጎን ተቀምጣ ነበር። ሴቶቹ የካንጋሮ ጭራ ከፍሙ አመድ ውስጥ እያወጡ ለመጣው ሰው ያድላሉ። እማ ኖሪን የቀረበላቸውን አልነኩም።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አሏት።

«ምን እማ?»

«ድምፁን እንዳልሰማው። እኔ ራሴ በቃ አሁን ይከፈት እስክል ድረስ።»

«አትሰሚውም።»

«እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ማንም። ሕፃን ልጅ በስልኩ ከፍቶት በአጠገቤ ቢያልፍ እዚያው ነው የምወድቀው።»

«አትሰሚውም አልኩሽ እኮ እማ።»

ሎሬታ ከዚያ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደች። የድረ ገጹን ማስተዳደሪያ ከፈተች፣ ፎቶውን ነካች፣ ሰረዘች። ድምፁን ነካች፣ ሰረዘች። ለዚህ ምንም መጻፍ አላስፈለጋትም፤ ጣት ብቻ ይበቃል።

ንድፉ ግን በጣት የሚነካ አልነበረም። የፎቶው ፋይል የተሰየመው በእሱ ስም ነው። የድምፁም እንዲሁ። እነሱን ከንድፉ ለማውጣት ስሙን ፈልጎ ማግኘት፣ ምን እንደተነሣና ለምን እንደተነሣ ከሥር መጻፍ፣ ከዚያም ለአጽዳቂ፣ ለውጡን ለሚፈቅድ ሰው፣ መላክ ያስፈልጋል። ሎሬታ ንድፉን ከፈተችው። ጣቶቿን የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ላይ አሳረፈች። ፊደሉን ጻፈች፣ አጠፋችው። ኮምፒውተሩን ዘጋች።

«አጎቴ፣ ከንድፉም ላይ መነሣት አለበት» አለቻቸው አጎቴ ክላሪን በማግስቱ።

«ከገጹ ላይ ጠፍቷል አይደል?»

«ጠፍቷል።»

«ከጠፋ ጠፋ ነው። አንቺ ልጅ ለቅሶ ላይ ነሽ፤ ራስሽን አታስጨንቂ። ደግሞስ ለማሽን መርዶ የሚነግር ማን አለ?» አሉና ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

እውነት የሚመስል ነገር ነበር። ሎሬታም ሊያሳርፋት የመጣ ቃል ስለነበር ተቀበለችው። ከቀብሩ በኋላ እጽፈዋለሁ አለች ለራሷ።

ቀብሩ የሚፈጸመው የሩቅ ዘመድ ሁሉ ሲሰማ ነው። ግን ዝናቡ በረታ፣ ወንዙ ሞላ፣ ዋናው መንገድ ተቆረጠ። በሆልስ ክሪክና በፊትዝሮይ ያሉት ዘመዶች መምጣት አልቻሉም። ስለዚህ ቀብሩ በሰፈሩ ድረ ገጽ በቀጥታ እንዲተላለፍላቸው ተወሰነ። ጋሬዝ ይህን ሲሰማ ደወለ።

«ሎሬታ፣ ያን ሁሉ ሰው ያ ትንሽ ሰርቨር አይችለውም። መሀል ላይ ይወድቅባችኋል። ሁሉንም ከንድፉ እንደ አዲስ አነሣዋለሁ፣ ሰፋ አድርጌ። ጠባቂም ጨምሬበታለሁ።»

«የምን ጠባቂ?»

«በየጥቂት ደቂቃው ዞሮ የሚያይ ፕሮግራም። ሰው በእጁ የነካካው ነገር ካገኘ ንድፉ ላይ ወደተጻፈው ይመልሰዋል። እንደነበረ።» ሳቅ አለ። «አጎትሽ ያን ጊዜ የሆነ ነገር ጠቅ አድርገው ስንቱን እንዳተራመሱት ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ስለዚህ አሁን ልጠይቅሽ። በእጅሽ የነካሽው ነገር አለ? ካለ ንገሪኝና ንድፉ ላይ ላስገባው።»

ሎሬታ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችው።

«አንዲት ሥዕል አውርጃለሁ።»

«የምን ሥዕል?»

«መግቢያው ገጽ ላይ የነበረችውን።»

«የማንን? ወይስ ዓርማውን ነው?»

በዚያ በኩል ጋሬዝ ሲጽፍ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ድምፅ ይሰማል። ወንድሜን ብትለው ወንድምሽ ማን ነው ይላታል። ሬዲዮ ላይ የሚሠራውን ብትለው ስሙን እሱ ራሱ ይጠራዋል፤ ከዚያ ስልክ ውስጥ ስሙን ትሰማዋለች። ሁለቱንም አልቻለችም።

«ትንሽ ነገር ናት» አለች በመጨረሻ። «ከቀብሩ በኋላ ራሴ እጽፋታለሁ።»

«ትንሽ ከሆነች ግድ የለም። የማን ቀብር ነው ግን?»

«የወንድሜ።»

«ውይ። አዝናለሁ ሎሬታ። በጣም አዝናለሁ።» ጋሬዝ ደነገጠ፤ ሌላ ነገር ቢጠይቅ ነውር የሚሆንበት መስሎት ቶሎ ተሰናበተ። እሷም ቶሎ በመሰናበቱ ቀለል አላት። ሁለት ጨዋ ሰዎች እንዲህ ተከባብረው አንዱን ጉዳይ ሳይነጋገሩበት ቀሩ።

በቀብሩ ዋዜማ አዲሱ ሰርቨር ከንድፉ ተነሥቶ ሥራ ጀመረ። ሎሬታ ቀጥታ ሥርጭቱ የሚተላለፍበትን ገጽ ከፍታ አየች፤ ይሠራል። ወደ መግቢያው ገጽ አልሄደችም። ፎቶው የነበረበትን ባዶ ቦታ ማየት አልፈለገችም።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሬሳ ሳጥኑ በአበባ ተሸፍኖ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ እማ ኖሪን ፀጉራቸውን በአጭሩ ተቆርጠው ከአጠገቡ፣ ሴቶቹ ከኋላቸው። የሩቅ ዘመዶች የላኩት የሐዘን ቃል እንዲታይ ግድግዳው ላይ ትልቁ ስክሪን ተሰቅሏል። አጎቴ ክላሪ ለሎሬታ በአገጫቸው ምልክት ሰጧት። እሷም ድረ ገጹን ከፈተች፤ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ሁሉ የሚገባው በመግቢያው ገጽ ነው።

ፊቱ ግድግዳውን ሞላው። ሳቀ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ። ቁጭ በሉ፣ ቤታችሁ ነው።»

እማ ኖሪን ብድግ አሉ። አልጮኹም፤ ልጁ የጠራው ሰው እንደሚነሣ ነበር የተነሡት፣ አፋቸው እሺ ሊል ተከፍቶ። ሬሳ ሳጥኑን ሲያዩ ነው የወደቁት። ሴቶቹ ደረሱባቸው። የአዳራሹ ልቅሶ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ግን ልቅሶ የሚባለው ቃል አይበቃውም።

አጎቴ ክላሪ ሮጠው የስክሪኑን ገመድ በጠሱት። ሎሬታ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ኋላ ክፍል ገባች። የአጎቴ ክላሪ ስልክ ይጮኻል።

«ክላሪ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?» ከሆልስ ክሪክ የደወለች ሴት ድምፅ ነው፤ እስከ ሎሬታ ድረስ ይሰማል። «እዚህ ሃምሳ ሰው ተሰብስቧል! አሮጊቶቹ ፊታቸውን ሸፍነዋል! አጥፉት!»

«እያጠፋን ነው እህቴ፣ እያጠፋን ነው። ሎሬታ፣ አጥፊው!»

ሎሬታ ፎቶውን ሰረዘች። ድምፁን ሰረዘች። ገጹ ባዶ ሆነ። ተነፈሰች። ወደ አዳራሹ ልትመለስ ስትል ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ተመልሶ መጣ! በልጆቹ ስልክ ላይ እየሳቀ ነው!»

ጠባቂው ዞሮ አይቶ ነበር። የጎደለ ነገር አገኘና መለሰው። እንደነበረ።

«ሶኬቱን ንቀይው!» አሉ አጎቴ ክላሪ።

«የቱን ሶኬት አጎቴ? ማሽኑ እዚህ አይደለም እኮ።»

«የት ነው ታዲያ? ሰው ልላክ።»

«አላውቅም። ሲድኒ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ እኔም አይቼው አላውቅም።»

አጎቴ ክላሪ ስልኩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። በሕይወታቸው ያልከፈቱት የመኪና ሞተር የለም፤ አሁን የሚከፍቱት ነገር አጡ።

ሎሬታ ንድፉን ከፈተችው። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች፤ ከዚያ ሁለተኛውን። እስከ መጨረሻው ጻፈችው። ሁለቱን ፋይሎች አወጣች፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «ሞቷል» ብላ ጻፈችና ላከች። ማሽኑ ወዲያው መለሰላት። ለውጡ ተቀባይነት የሚያገኘው ከሁለቱ አጽዳቂዎች አንዱ ሲፈቅድ ነው አላት፤ ስማቸውንም ዘረዘረላት። አንደኛው ጋሬዝ ነው። ሁለተኛው እሱ ራሱ፣ ሟቹ ነው። ከሞተ በኋላ እሱን ማንም አልተካውም፤ ለመተካትም ስሙን መጻፍ ያስፈልግ ነበርና።

ጋሬዝ ጋር ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወለች። ለእህቱ ሠርግ ወደ ምሥራቅ እበራለሁ ብሎ እንደነበር ትዝ አላት፤ አየር ላይ ነው። ድረ ገጹን ጨርሶ ለመዝጋትም ሞከረች። እሱም ያንኑ ፈቃድ ጠየቃት። በስክሪኑ ላይ ትንሽ ክብ ትዞራለች፣ ከሥሯም የወንድሟን ፈቃድ በመጠባበቅ ላይ የሚል ጽሑፍ አለ።

የቀራት በእጅ መሰረዝ ብቻ ነበር። ሰረዘች፤ ተመለሰ። ሰረዘች፤ ተመለሰ። በተመለሰ ቁጥር ይስቃል፣ ግቡ ይላል፤ ድምፁን ከላፕቶፑ ብታጠፋውም ከንፈሩን ታየዋለች፣ ምን እንደሚልም ታውቃለች። በመስኮቱ በኩል የጭነት መኪናው ሞተር ሲነሣ ሰማች። ሬሳ ሳጥኑ ወጣ። መዝሙሩ እየራቀ ሄደ፤ ጭቃው ላይ የሚንሸራተቱ የመኪኖች ጎማ ተሰማ፤ ከዚያ ዝናቡ ብቻ ቀረ። እሷ ግን መነሣት አልቻለችም። ብትነሣ ይመለሳል። ሰው ሁሉ ወንድሟን አንዴ ሲቀብረው፣ እሷ በኋላ ክፍል ተቀምጣ ደግማ ደጋግማ ቀበረችው፤ ማሽኑም ደግሞ ደጋግሞ አወጣው።

ጋሬዝ ከአውሮፕላን ወርዶ ስልኩን ሲከፍት ጉዳዩ በአንድ ጠቅታ አለቀ። ወዲያው ደወለላት።

«ለምን አልነገርሽኝም? ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

«ስሙን መጥራት ነበረብኝ።»

«እኔ እኮ ልጽፈው እችል ነበር» አላት። «አንድ ሰው ሞቷል፣ ስሙን ከእኔ አትስማ፣ ክላሪን ጠይቅ ብትዪኝ ይበቃኝ ነበር።» ቀጥሎ ድምፁ ወረደ። «እኔም መጠየቅ ነበረብኝ። መግቢያው ገጽ ላይ ከአንድ ሰው ሌላ ሥዕል አልነበረም። እንዴት አልገባኝም?»

ዝናቡ ጋብ ሲል እማ ኖሪን ወደ ጣቢያው መጡ። ሎሬታ ከወንበሯ ተነሣች፤ ቀና ብላ ማየት አቃታት። እሳቸው ቁጭ አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ በወደደች።

«መቃብሩን ማን ቆፈረው?» አሏት።

«የሚስቱ ወንድሞች።»

«አንቺ ለምን አልቆፈርሽም?»

«እኔማ እህቱ ነኝ። እህት አትቆፍርም።»

«ለምን?»

«ሐዘንተኛ ስለሆነች። ለሐዘንተኛ ሌላ ሰው ነው የሚሠራላት።»

«ይሄን ታውቂያለሽ» አሉ እማ ኖሪን። «ሬሳውን ያጠቡ ሌሎች ናቸው። ምግቡን የሠሩ ሌሎች ናቸው። ለእኔ ውኃ እንኳ ሰው ነው የሚያቀርብልኝ። የዚያን የኮምፒውተር ሥራ ግን ብቻዬን ልቆፍር አልሽ። አቃተሽ። ሲያቅትሽ ደግሞ አቃተኝ አላልሽም።»

«አፈርኩ እማ። ሼም ያዘኝ።»

«አውቃለሁ። ሼምሽን ጠበቅሽ፤ እኔን ግን አልጠበቅሽኝም።»

ከውጭ አንዲት ወፍ ደጋግማ ጮኸች። እማ ኖሪን ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ያ ሰውዬ እንደነበረ ይመልሳል ብሎን ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ደግሞ ተነሣሁ እኮ። አየሽኝ አይደል? ጠራኝ ብዬ ተነሣሁ። እንደነበረ የሚመልስ ነገር ቢኖር ኖሮ...» አልጨረሱትም። «የአባቴን ዘፈኖች አውጡልኝ። ሁሉንም።»

«እማ፣ እነሱ ደህና ናቸው፤ እነሱን እኮ ምንም...»

«ደህና እንደሆኑ አውቃለሁ። ጠባቂያቸው ግን የለም። ጠባቂያቸው እሱ ነበር።»

ሎሬታ አልተከራከረችም። ምን ብላ ትከራከር? ዘፈኖቹን አንድ በአንድ አወጣች፣ በትንሽ ማስቀመጫ፣ በፍላሽ፣ አድርጋ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ይህን ጊዜ ግን ከገጹ ብቻ አላወጣችም። እማ ኖሪን እያዩ ወደ አጎቴ ክላሪ ሄደች፤ «ይሄን ንድፉ ላይ የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ እኔ አልችልም» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሷን አስገረማት። አጎቴ ክላሪ መነጽራቸውን አድርገው ከጋሬዝ ጋር በስልክ እየተነጋገሩ፣ በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉት። አንድም ቀልድ አልቀለዱም።

ንድፉ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። ፋይሎቹ በሰው ስም አይጠሩም፤ በቁጥር ነው። አጽዳቂዎቹ ሦስት ሆነዋል፤ ሁሉም በሕይወት አሉ። ንድፉ ምንም ነገር ገጹ ላይ ከማውጣቱ በፊት መጀመሪያ የሚያደርገው ሥራም ተጨምሮለታል። በሰፈሩ ሐዘን ላይ ያሉት ቤተሰቦች የትኞቹ እንደሆኑ ያያል፤ የእነሱን የሆነውን ሁሉ ሳያወጣው ያልፋል። ያንን የሚጽፈው ሐዘንተኛው አይደለም፤ ቤተሰቡ የመረጠው ሌላ ሰው ነው። ሌሎች ሰፈሮችም ይህን ሰምተው ጋሬዝን ስጠን ብለውታል። ይህ ሁሉ ግን ለእማ ኖሪን ዘግይቶ የመጣ ነው።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ምናልባት ሰርቨር አታውቁ ይሆናል። ግን በየመሥሪያ ቤታችሁ፣ በየቤታችሁ በእጃችሁ ያስተካከላችሁትና ለማንም ያልነገራችሁት ነገር አለ። ከገጹ ጠፍቷል ብላችሁ ተቀምጣችኋል። ሥራውን ራሱ የሚደግም ነገር ካለ ግን የጠፋው አልጠፋም፤ የሚመለስበትን ቀን እየጠበቀ ነው፤ የሚመለስበትንም ቀን እናንተ አትመርጡትም። ስለዚህ በእጅ ያደረጋችሁትን ለንድፉም ንገሩት። መናገሩ ከከበዳችሁ ደግሞ የሚናገርላችሁ ሰው ፈልጉ። አቃተኝ ማለት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይችሉ ትንሽ ነገር ናት ማለት ነው።

ባለፈው ጊዜ ጋሬዝ አንዳንድ ነገር ሊያሻሽል ሁሉንም እንደገና አፍርሶ አቆመው። ሎሬታ አጠገቧ አጎቴ ክላሪ ቆመው እያዩ የመግቢያውን ገጽ ከፈተች። የሰፈሩ ቀይ አፈርና ወንዙ ይታያሉ። መሀሉ ላይ፣ ፊቱ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ማንም በእጁ አልሰረዘውም፤ ንድፉ ራሱ ባዶ አድርጎ ሠራው።

«መርዶው ደረሰው» አሉ አጎቴ ክላሪ።

ሎሬታ ራሷን ነቀነቀች። በዚያው ባዶ ቦታ አንድ ቀን ምን እንደሚመለስ፣ የዘፈኖቹም ነገር እንዴት እንደሚሆን አታውቅም። በቃ አሁን ይከፈት የሚለው ቃል የእማ ኖሪን ነው፤ እሳቸው ደግሞ እስከ ዛሬ አላሉም።